ጋሽ መቀስ የጠራቸው ሰዎች

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው «ጋሽ መቀስ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያተረፈለት ግን መቀሱ ሳይሆን አፉ ነበር። «መቀሱ አንዴ ሲዘጋ አፉ አራት ጊዜ ይከፈታል» ይሉታል ደንበኞቹ፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል እንጂ ቅር አይለውም። ሱቁ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ በአንድ ጫማ ሰፊና ከተዘጋ ዓመታት ባስቆጠረ ፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠች ናት። አንድ መስታወት፣ አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ተራ ለሚጠብቁት ደግሞ ቀለሙ የተላላጠ አግዳሚ። ሌላ ምንም የላትም፤ ወሬ ግን ሞልቶ ይፈስባታል።

ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። የቀረችው አንዲት ልጁ ናት። ልጅቷ የምትሠራው በአንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ደም ትቀዳለች፣ ትመረምራለች፣ ውጤት ትጽፋለች። ቁጥብ ናት። ነገሯን ሁሉ በልክ የያዘች፣ አንድ ቃል ከመናገሯ በፊት ሁለቴ የምታስብ። «በእናቷ የወጣች ናት» ይላል አባቷ፤ ደግሞም እውነቱን ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት ልጅቷና እጮኛዋ ተያይዘው ቤት መጡ። እጮኛዋ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ፣ ረጅም፣ ቁጭ ሲል ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው የሚቸግረው ልጅ።

«አባዬ፣ እስቲ ቁጭ በል» አለችው።

ቁጭ አለ።

ነገሩን ከሀ እስከ ፐ አስረዳችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያጠራቀሟት ገንዘብ አለች፤ ከዚያች ውጪ ከማንም አይበደሩም። የእጮኛዋ አክስት በአንድ ትምህርት ቤት የወጥ ቤት ኃላፊ ስለሆነች፣ ቅዳሜ ተማሪ በማይኖርበት ቀን የመመገቢያ አዳራሹን በነፃ አስፈቅዳላቸዋለች። ምግቡን ራሷ አክስትየዋ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ታበስላለች። ቀሚሱን ልጅቷ ዓምና ካገባች የሥራ ባልደረባዋ ተውሳለች፤ ትከሻው ላይ ትንሽ ይሰፋታል እንጂ ያምርባታል። መብራቱንና ድምፅ ማጉያውን ሙሽራው ራሱ ይዘረጋል። ፎቶ የሚያነሳ ጓደኛ አለው።

«አዳራሹ ውስጥ ያለው ወንበር ሰማንያ ነው» አለች ልጅቷ። «ሰማንያ ወንበር፣ ሰማንያ ሰው። የምግቡም ልክ በዚያው ነው። ለእሱ ቤተሰብ ሠላሳ፣ ለእኛ ጓደኞችና ለሥራ ባልደረቦች ሠላሳ፣ ለአንተ ሃያ።»

ከቦርሳዋ በላስቲክ የታሰረ የጥሪ ካርድ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ሃያ ነው፣ አባዬ። ሃያ አንድ አይደለም።»

«አንቺ ደግሞ! እኔን ሕፃን አደረግሽኝ እኮ።»

«ማልልኝ።»

«በእናትሽ!» አለና ማለ። ሲምልም ከልቡ ነበር።

ሃያው ካርድ ግን ሁለት ቀን አልበረከተም። አንዱ ለጫማ ሰፊው ጎረቤቱ፣ አንዱ ለጡረተኛው መምህር፣ ሦስቱ ለሚስቱ ወንድሞች እያለ ሲያድል፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የካፖርቱን ኪስ ሲዳብስ ላስቲኩ ብቻ ወጣ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረበት። ያውቀዋል። ለራሱም «እንግዲህ አበቃ፣ አፍህን ዝጋ» ብሎታል።

ነገር ግን ሰውዬውን ዝም ብሎ ለፍላፊ ነው ማለት ደግሞ ግፍ ነው። ሚስቱ ሰባት ወር ታማ ነው የሞተችው። በእነዚያ ሰባት ወራት ሱቁ ከተከፈተችበት የተዘጋችበት ቀን ይበልጣል። ደንበኞቹ ግን ሌላ ፀጉር ቤት አልሄዱም፤ ፀጉራቸው ጆሯቸውን እስኪሸፍን አንጨባረው ጠበቁት። የታክሲ ሹፌሩ ሥራውን እየተወ ሆስፒታል አመላለሳቸው። ሚስቱ ክርና ቁልፍ ትሸጥበት በነበረው ገበያ ያሉ ሴቶች፣ ዕቃዋን እየሸጡ ገንዘቡን በየሳምንቱ ቤት ድረስ አመጡለት። የግድግዳ ጎረቤቱ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ በሽተኛዋን እንደ እህቷ ገላዋን አጠበች፣ ፀጉሯን አበጠረች። በሆስፒታሉ በሽተኛ በጋሪ የሚገፋ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» እያለ የሚጠራው ጎልማሳም አለ። ሊፍቱ በተበላሸ ቀን እሷን በጀርባው አዝሎ አራተኛ ፎቅ ድረስ አውጥቷታል። ሲያወርዳት ላቡ በአገጩ ይንጠባጠብ ነበር፤ «ቀላል ነሽ እኮ፣ እናቴ» ብሏት አስቋታል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኑን እያየ «ልጅህን ልትድር ነው አሉ?» ሲለው ምን ይመልስ? ያውም ምላጩ የሰውዬው ጉሮሮ ላይ ሆኖ! «አዎ፣ አንተ ግን የለህበትም» ይባላል? ምላጭ ይዞ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ፀጉር አስተካካይ ደንበኛ አያገኝም።

«ትመጣለህ እንጂ!» ይላል አፉ፣ ሳያስፈቅደው። «ካርዱ ስላለቀ ነው። አንተ ደግሞ ምን ካርድ ያስፈልግሃል?»

«ባለቤቴስ?»

«እሷን ትተህ ልትመጣ ነው? ምን ነካህ!»

«ልጆቹም...»

«ታዲያ ለማን ልትተዋቸው ነው?»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንታት አለፉ። ሰዎቹ ተላጭተው፣ ተከርክመው፣ ተጠርተው ይወጣሉ። እሱ ፎጣውን ሲያራግፍ ሃያው ካርድ ትዝ ይለዋል፤ ቀጣዩ ደንበኛ ሲገባ ደግሞ ይረሳዋል።

ለሠርጉ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ዕለት፣ የታክሲ ሹፌሩ መኪናውን በር ላይ አቁሞ በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ነገሩን ጨርሰናል! ሦስት ሚኒባስ ይዘናል። አንዱ የገበያውን ሴቶች ያመጣል፣ ሁለቱ የኛን ሰፈር።»

«ሦስት?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ቶንዶሱ ደንበኛው ማጅራት ላይ እየጮኸ ቀረ። «ስንት ብትሆኑ ነው?»

«ምን አውቃለሁ! አንተ የጠራኸው ሁሉ ነዋ። ሚኒባሱም ይበቃናል ብለህ ነው? የሚመላለስ ይመስለኛል» አለና ጥሩንባውን ነፍቶ ሄደ።

ፀጉር አስተካካዩ ያን ዕለት ምሳውን አልበላም። ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ፣ ካለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ላይ አንድ ቅጠል ቀድዶ የጠራቸውን ሰዎች አንድ ባንድ ይጽፍ ጀመር። ቅጠሉ በአንድ በኩል ሞላ። ገለበጠው። ሌላ ቀደደ። መቶ ሰባ ሲደርስ፣ ገና ልጆቹን ሳይጨምር፣ እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታውን አይችለውም ነበር።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ፣ የጠራቸውን ሊሰርዝ ወጣ። ከባዱን በቀላሉ ልጀምር ብሎ መጀመሪያ ጫማ ሰፊው ዘንድ ጎራ አለ። ጫማ ሰፊው ካርድ ከደረሳቸው አንዱ ነው፤ ችግሩ ካርዱ አንድ ሆኖ ቤተሰቡ ስድስት መሆኑ ነበር። ሰውዬው ጉልበቱ ላይ የሕፃን ጫማ ይዞ ሶሉን ይመታል።

«የማን ነው?» አለው ነገር ለመጀመር።

«የትንሿ ልጄ። ለናንተ ሠርግ። ለሰው ሁሉ ስሰፋ የራሴ ልጅ ተረከዟ ወጥቶ ከረመ፤ እንዲህ ሆና አትሄድም ብዬ ነው። ትናንት ለክታው ከክፍል ክፍል ስትዞርበት ዋለች።»

ፀጉር አስተካካዩ ጫማውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «ሶሉ ጥሩ ነው» አለ። መልሶ ሰጠውና ሄደ።

ቀጥሎ ጎረቤቱ ጋ ገባ፣ በሽተኛዋን ታጥብ የነበረችው ሴት ቤት። ገና ሳይቀመጥ እሷ ቀደመችው።

«ጎሽ መጣህ! ወንድሜ ከሩቅ ሊመጣ ነው፣ በዚያው ቅዳሜ። ምን ላድርገው ብዬ ስጨነቅ ነበር። እዚሁ ቤት ዘግቼበት አልሄድ! ይዤው ብመጣ ትቀየመኛለህ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ!» አለ። «ወንድምሽ ወንድሜ አይደለም?»

እየወጣ ሳለ ራሱን በቡጢ መታ። ሊቀንስ ሄዶ ጨምሮ መመለሱ ነው።

እንግዲህ ሦስተኛው ላይ ጨከነ። ጋሪ ገፊውን፣ «ዶክተር»ን፣ ከሆስፒታሉ ጓሮ የሠራተኞች ልብስ መለወጫ ክፍል ውስጥ አገኘው። ምስማር ላይ ግራጫ ኮት ተሰቅሏል፤ በላስቲክ ተሸፍኗል።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?»

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለና አንዴ ሳይተነፍስ ተናገረው። አዳራሹ ጠባብ ነው፣ ወንበሩ ተቆጥሮ የተሰጠ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አትቀየመኝ አለው።

«ገባኝ» አለ ጋሪ ገፊው። «ችግር የለውም፣ ጋሼ። ገባኝ።» ቆጣም ከፋም አላለም። ኮቱን ከምስማሩ አወረደና ሁለት ቦታ አጥፎ የብረት ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ሳጥኑን ዘጋውና «ልጅቷን እንኳን ደስ ያለሽ በሉልኝ» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ የሆስፒታሉ በር ደረሰ። ዘበኛውንም አለፈው። መንገዱን ሊሻገር አንድ እግሩን ካወረደ በኋላ ዞረ፤ እያለከለከ ተመልሶ የልብስ ክፍሉን በር በረገደው።

«ቀልዴን ነው!» አለ። «አንተ ደግሞ ሰው የነገረህን ሁሉ ታምናለህ! ቀልዴን ነው!»

ጋሪ ገፊው ትክ ብሎ አየው። ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። «እርስዎ እኮ!» አለው። «አስደነገጡኝ።»

ረቡዕ ዕለት፣ ለልጁ መንገር ቢያቅተው፣ ለእጮኛዋ ሊነግር ሄደ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በአንድ አዲስ ሕንፃ ኮሪደር ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቶ ሽቦ ይጎትታል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር አበላሽቻለሁ» አለ ከታች።

«ምን አበላሹ?»

«ሰው... ሰው ትንሽ በዝቷል።»

«ስንት ያህል?»

«ከሁለት መቶ አያንስም።»

ልጁ ጉጠቱን ቀበቶው ላይ ሰካ። በመሰላሉ አንድ አንድ ደረጃ እየረገጠ ወረደ። ከወረደ በኋላም ግድግዳውን ተደገፈ።

«ነግረዋታል?»

«አንተ ብትነግራት ብዬ ነው። አንተን ትሰማሃለች።»

«አይሆንም፣ አባባ» አለ ልጁ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ይሄንን ከእኔ ከሰማች ሁለታችሁም ታዝኑብኛላችሁ። እርስዎ ይንገሯት። እስከ እሑድ ድረስ እኔ ምንም አልሰማሁም።»

ሐሙስ ሊነግራት ነበር፤ ደክሟት ገባች። ዓርብ ሊነግራት ነበር፤ የተዋሰችውን ቀሚስ ለብሳ ወጥታ «እንዴት ነው፣ አባዬ?» አለችውና ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሌላ ነገር ለመናገር አልተቻለውም። ቅዳሜ ሥራ በዛበት። እሑድ ደግሞ እሷ ከእጮኛዋ አክስት ጋር ዕቃ ልትገዛ ወጥታ ዋለች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ሱቁ በር ላይ ቆመች። በሥራ ሰዓት መውጣት እሷ ዘንድ ያልተለመደ ነው። ወንበሩ ላይ የነበሩት ጡረተኛው መምህር ፊቷን አዩና፣ ግማሽ አገጫቸው ሳሙና እንደ ለበሰ «ውጪ ትንሽ አየር ልውሰድ» ብለው ተነሡ።

«ሦስት ሚኒባስ የት እንደሚቆም የሚጠይቅ ሹፌር ትምህርት ቤቱ ሄዶ ነበር» አለች። «ዘበኛው ስንት ሰው ነው ቢለው ሦስት መቶ ገደማ አለው። ዘበኛው ለዳይሬክተሩ ነገረ። ዳይሬክተሩ የእጮኛዬን አክስት ጠርቶ፣ ሰማንያ ብለሽ አታለልሽኝ ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎባታል። አዳራሹም ተከልክሏል።»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«እነማን ናቸው?» አለችው። «ንገረኝ።»

ነገራት። ሹፌሩን፣ የገበያውን ሴቶች፣ ጋሪ ገፊውን፣ ጎረቤታቸውን፣ ፀጉራቸውን አንጨባረው የጠበቁትን ሁሉ። እያንዳንዱን ሲጠራ ለእናቷ ያደረገላትን ከስሩ ይናገራል። መሃል ላይ አስቆመችው።

«አባዬ፣ እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ቢቻለኝ አንዳቸውም አይቀሩብኝም። ግን የት ላስቀምጣቸው? ምን ላብላቸው?»

«ይሄን ወንበር እሸጠዋለሁ። ሱቁንም...»

«ከዚያ በምን ትኖራለህ?»

ልጅቷ ፊቷን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገችና «እስቲ እናስብበታለን» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጡረተኛው መምህር ሲገቡ አገጫቸው ላይ ሳሙናው ደርቆ ነበር።

ማክሰኞና ረቡዕ ልጅቷ ማልዳ ትወጣለች፣ ራት ሰዓት ላይ ትገባለች፣ «ምን አሰባችሁ?» ሲላት «ቆይ» ትላለች። ሌላ አዳራሽ ጠይቀው ነበር፤ ያጠራቀሙት የአንዱንም በር አያስከፍትም።

ሐሙስ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ሁለቱም ተያይዘው መጡ። እሷ በየቀኑ የምትለብሰውን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። እጇ ላይ የካርቶን ማኅደር አለ።

«አባዬ፣ ዛሬ ጠዋት ተፈራረምን» አለችው።

«ምኑን?»

«ጋብቻውን። ማዘጋጃ ቤት ሄደን። አክስቱና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ መሰከሩልን።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ የጣቶቹን ጥፍሮች ያያል።

«እኔንስ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እኔን ለምን አልነገራችሁኝም?»

ልጅቷ አየችው። ቁጣ ፊቷ ላይ የለም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«ብንነግርህ ብቻህን ትመጣ ነበር?»

«እንዴታ! እመጣ ነበር!» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ የዛሬ ጠዋቱ ትዝ አለው። ከጠዋት ጀምሮ አምስት ሰው አስተካክሏል፤ ለአምስቱም ያልነገራቸው ወሬ የለም፣ ስለ ጎረቤቱ የድመት ግልገሎች ሳይቀር። ጠዋት ቢነግሩት ኖሮ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ስንት ሰው ይዞ ይደርስ እንደነበር እሱም ያውቃል። አፉን መልሶ ዘጋ።

«ለሰዎቹ ንገራቸው» አለችው ልጁ። «ቅዳሜ የለም በላቸው። እባክህ።»

ዓርብን ሙሉ ስልክ ሲደውል ዋለ። ግማሹ አያነሳም። ያነሱትም ቢሆኑ አላመኑትም። ሰፈሩ ውስጥ «ጋሽ መቀስ ሰው ያስደነግጣል፣ ሠርጉ ቀርቷል እያለ ይቀልዳል» የሚል ወሬ ቀድሞት ኖሮ፣ «እኔንማ አታታልለኝም፣ ለዶክተር ያደረግከውን ሰምቻለሁ!» እያሉ ሳቁበት። ሹፌሩ ደግሞ «ሚኒባሱ ተከፍሏል፣ ጋሼ፣ በዚህ አይቀለድም» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ፀጉር አስተካካዩ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ለእንዲህ ያለ ቀን ምን እንደሚለበስ ሌላ ሐሳብ አልመጣለትም። በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው በብረቱ ፍርግርግ አሻግሮ ያየዋል፤ አያናግረውም።

መጀመሪያ ጫማ ሰፊው ከነቤተሰቡ በእግሩ መጣ። ቀጥሎ ጎረቤቱ ወንድሟን አስከትላ ደረሰች። ከዚያ ሚኒባሶቹ። የገበያው ሴቶች በአበባ ያጌጠ አዲስ ብርድ ልብስ ለአራት ተሸክመው ወረዱ። ጋሪ ገፊው በግራጫ ኮቱ፣ ሌሎቹም ድስት የታቀፉ፣ ሳሕን የያዙ፣ ልጆች የሚጎትቱ፣ መንገዱን ሞሉት።

«የለም» አለ ለመጀመሪያዎቹ። «ሠርግ የለም። ሐሙስ ተፈራርመዋል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አዲስ የመጣ በደረሰ ቁጥር ከመጀመሪያው ይደግመዋል። አንዳንዱ «እንዲህማ አይደረግም» ብሎ ፊቱን አጠቆረ። አንዷ የገበያ ሴት አለቀሰች። ጫማ ሰፊው ትንሿን ልጁን ትከሻው ላይ አወጣት። ጋሪ ገፊው ቀረብ ብሎ «የዚያን ቀን የነገሩኝ እውነት ነበር ማለት ነው» አለ። ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ነቀነቀ።

ጎረቤቱ ክንዱን ያዘችው።

«ልጅቷ ግን አግብታለች አይደል?»

«አግብታለች።»

«ደስ ብሏታል?»

«አላውቅም» አለ። «እኔ አልነበርኩም።»

ሴትዮዋ ክንዱን ለቀቀችው። ከዚያ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ «እንግዲህ ከዚህ ድረስ ከመጣን እንኳን ደስ ያለሽ ሳንላት ልንመለስ ነው? ከተጋቡ በኋላ የት ነው የገቡት?» ስትል ጠየቀችው።

«ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለው ባለ አራት ፎቅ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ በስተግራ የመጨረሻው በር» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማው። እጁን ዘርግቶ አየሩ ላይ ሊይዘው እንደሚፈልግ ሰው ሆነ። «ቆዩ! አንዲት ክፍል ናት እኮ! ቆዩማ!» አለ። ማን ይስማው? «ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ» እየተባለ ከአፍ ወደ አፍ ተላልፎ ሚኒባሶቹ ዘንድ ደርሷል። ሹፌሩ ሞተር አስነሣ። በእግር የመጡት በእግር ቀደሙ። እሱ ስልኩን አውጥቶ ለልጁ ደወለ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ሚኒባሶቹም ሞልተው ነበርና በእግሩ እየሮጠ ተከተለ።

ሲደርስ ሰልፉ ከደረጃው ወርዶ መንገዱ ላይ ወጥቷል። የሕንፃው ነዋሪዎች በየመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው «ምን ተፈጠረ?» ይላሉ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ የሚወጣው በቀኝ፣ የሚወርደው በግራ ግድግዳውን እየታከከ ይተላለፋል። ሊያልፍ ሞከረ።

«አባቷ ነኝ!» አለ።

«ሁላችንም እንደ አባትና እናቷ ነን፣ ተራህን ጠብቅ» አለችው አንዲት ጭራሽ የማያውቃት ሴትዮ። ሚኒባሱ ላይ ክፍት ቦታ አይታ የተሳፈረች ሳትሆን አትቀርም።

ተራውን ያዘ። አንደኛው ፎቅ ላይ ሳለ ለልጁ የሚላትን በልቡ አሰናዳ። ረጅም ነበር፤ ስለ እናቷም፣ ስለ ካርዱም፣ ስለ አክስትየዋ ደብዳቤም ያለበት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ቆመ፤ ያሰናዳው ሁሉ አንድ በአንድ ረገፈበት። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ «ይቅር በይኝ» የምትለዋ ብቻ ቀርታው ነበር።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ ጠረጴዛ ናት። አልጋው ላይ ድስትና ብርድ ልብስ ተከምሯል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሁለት ብርጭቆ ይዞ ውሃ እየቀዳ፣ እያጠበ፣ መልሶ እየቀዳ ይሰጣል። ልጁ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ በቤት ቀሚስ፣ ፀጉሯ በላስቲክ የታሰረ፣ ጉንጮቿ ከሰው መሳም ብዛት የቀሉ። ዓይኗ የሰውን ፊት ማየት ካቆመ ቆይቷል። እሱ ዘንድ ስትደርስም እንደ ሌላው ሁሉ ጉንጯን ሰጠችው።

«አመሰግናለሁ» አለችው። ከዚያ ማን እንደሆነ አየች። «አባዬ።»

«ይቅር በይኝ» አለ።

ያን ጊዜ ከኋላው የገበያ ሴቶቹ ሙሽራዋን ከሩቅ አይተው በጭብጨባና በሳቅ ደረጃውን አናወጡት፤ የሰማችው አልመሰለውም። ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ስንት ሰው ይቀራል?»

ዞር ብሎ ወደ ታች አየ። ደረጃው ጥግ እስኪዞር ድረስ ራስ በራስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ድምፁን እንጂ አያየውም።

«አላውቅም፣ ልጄ» አላት።

ከኋላው ያለችው ሴት «ወደ ውስጥ ግቡ እንጂ፣ መንገዱን አትዝጉ!» ብላ በክርኗ ገፋ አደረገችው። የልጁ እጅ ከእጁ ወጣ። ሳይታወቀው ክፍሏ ውስጥ ተገፍቶ ገባና በቁም ሣጥኑና በመስኮቱ መካከል ቆመ። አንድ ሰው በወረቀት የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ክንዱ ላይ ጣለበት፣ ሌላው ደግሞ ሌላ። የሚያስቀምጥበት ባዶ ቦታ ቢፈልግ አጣ፤ ታቅፎ ቆመ። ከበሩ በኩል የልጁ ድምፅ «አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ» እያለ ይሰማዋል።